የሜዳው ስም ማን ይሁን?

ቅዳሜ ማለዳ ነው። ሰንዳፋ ላይ በዚያ ሰዓት ጋቢ ሳይደርቡ ከደጅ አይወጣም፤ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የጠዋቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል። የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጄን አስከትዬ ዳቦ ልገዛ ወደ አስፋልቱ ብወጣ ሯጮቹ ቀድመውናል። ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች፣ ሴትም ወንድም፣ ትንፋሻቸው እየጨሰ በመንገዱ ዳር ዳር ወደ አለልቱ አቅጣጫ ይፈስሳሉ። ከኋላቸው አንድ ሚኒባስ መብራቱን አብርቶ ይከተላል።

«አባባ፣ ታዋቂው የትኛው ነው?» አለኝ ልጁ።

«እኔ እንጃ። ገና አልታወቁ ይሆናል።»

«ሲታወቁ ሐውልት ይሠራላቸዋል?»

«እንደ ሥራቸው ነዋ።»

ልጁ ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና፣ «ለጋሼስ ታዲያ ለምን አልተሠራለትም?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ጋሼ የሚለው ታናሽ ወንድሜን ነው። በወጣትነቱ በዚሁ መንገድ ላይ ሲሮጥ ኖሯል። ብሔራዊ ቡድን አልገባም፤ ሜዳሊያም የለውም። ጉልበቱ እንቢ ሲለው ፊሽካ ገዛና የሰፈሩን ልጆች ሜዳ ላይ መሰብሰብ ጀመረ። ከሠላሳ ዓመት በላይ፣ ያለ ደሞዝ፣ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ልጆች ሲያሯሩጥ ኖረ። ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። ፊሽካው ዛሬም ከሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ዳቦውን ይዘን ተመለስን። ቡና ሲፈላ የልጁን ጥያቄ ለቤተሰቡ አነሣሁት። ከአቦል እስከ በረካ ክርክሩ አላለቀም። በእናንተም ቤት እንዲህ ያለ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም ብዬ ነው ዛሬ የምጽፈው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞች በፍጥነት እያደጉ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ሆነዋል፤ የእኛዋም ሰንዳፋ ትናንት የጤፍ ማሳ በነበረው ላይ ቤት ትሠራለች። አዲስ መንገድ፣ አዲስ አደባባይና አዲስ ትምህርት ቤት በተከፈተ ቁጥር ስም ይፈልጋል። ስሙን ዛሬ የምንሰጠው እኛ ነን፤ አብረውት የሚያድጉት ግን የልጅ ልጆቻችን ናቸው።

መንገዱ የሚያውቀው ጀግና

ባለቤቴ ክርክሩን በአንድ ቃል ልትዘጋው ፈለገች። «አበበ እያለ ማን ይጠራል?» አለች።

እውነቷን ነው። አበበ ቢቂላ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰላሌ አውራጃ ጃቶ በምትባል መንደር ተወለደ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ማለት በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በሮም ጎዳናዎች ላይ በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ደግሞ አሸነፈ። ከእሱ በፊት የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ ሰው አልነበረም።

ለሰንዳፋ ሰው ግን አበበን ቅርብ የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት ቮልስዋገኑ የተገለበጠችው በዚሁ በእኛ መንገድ ላይ፣ በሸኖ አካባቢ ነው። ከዚያች ሌሊት በኋላ እነዚያ እግሮች ዳግም አልቆሙም። እሱ ግን ስፖርትን አልተወም። በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በእንግሊዝ በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፤ ኖርዌይ ሄዶም በበረዶ ላይ በውሻ በሚጎተት ተንሸራታች ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ሲያርፍ ንጉሠ ነገሥቱ ሳይቀሩ ቀብሩ ላይ ተገኝተዋል።

ለልጅ ልጄ ይህን ስነግረው ከሮም ይልቅ የቀስቱ ነገር ገረመው። «እግሩ እንቢ ሲለው በእጁ ተወዳደረ ማለት ነው?» አለኝ። ልጆች ከድሉ በላይ የሚይዙት ከድሉ በኋላ የሆነውን መሆኑን ያን ዕለት አስተዋልኩ።

ስሙ የት ይቀመጥ?

አማቼ ሹፌር ነው። እሱ የተነሣበት ሌላ ነጥብ ነበር። «ስም መስጠቱ ምን ዋጋ አለው? ከመገናኛ ወደ ሃያ ሁለት የሚወስደው መንገድ በኃይሌ ገብረ ሥላሴ ስም መሰየሙን ማን ያስታውሳል? ተሳፋሪው ሁሉ 'ሃያ ሁለት ነህ?' ነው የሚለኝ» አለን።

ይህም እውነት ነው። ኃይሌ በአትላንታና በሲድኒ በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳሊያ ያጠለቀ ሰው ነው፤ ክብር ሲያንሰው ነው። ነገር ግን አገራችን ቦታን በታፔላ አትጠራም። ሕዝቡ ራሱ በለመደው ምልክት ነው የሚጠራው።

በአንጻሩ አቃቂ የሚገኘውን ሆስፒታል ተመልከቱ። ጥሩነሽ ዲባባ በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሊምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ አመጣች። የሆስፒታሉ ስም «ጥሩነሽ ቤጂንግ» ነው፤ እናቶች «ልጄን የወለድኩት ጥሩነሽ ቤጂንግ ነው» ይላሉ። አዲስ አበባ ያለው የአበበ ቢቂላ ስታዲየምም እንዲሁ ነው፤ ጨዋታ ሊያይ የሚሄድ ሁሉ ስሙን ሳይጠራ አይሄድም። ስም የሚኖረው ሰው አዘውትሮ በሚገለገልበት ቦታ ላይ ሲቀመጥ ነው። ልጆች ለሚሯሯጡበት ሜዳ፣ እናቶች ለሚወልዱበት ጤና ጣቢያ፣ ተማሪ ለሚያነብበት ቤተ መጻሕፍት የተሰጠ ስም ከአፍ አይጠፋም።

የውጭ ሰዎችም ይህን አውቀውታል። የሮም ድል 50ኛ ዓመት በ2002 ዓ.ም. ሲታሰብ፣ አበበ በሮጠበት በሮም ከተማ የመታሰቢያ ጽሑፍ ተቀምጦለታል፤ ላዲስፖሊ በምትባል የጣልያን ከተማ ደግሞ የእግረኞች ድልድይ በስሙ ተሰይሟል። በእግሩ የታወቀን ሰው ሰዎች በእግራቸው በሚሻገሩበት ድልድይ ማስታወስ ደስ ይላል።

ከሜዳሊያው ጀርባ ያሉት

ልጄ መምህርት ናት። ዝም ብላ ስትሰማ ቆይታ፣ «ሁላችሁም የምትጠሩት አንደኛ የወጡትን ነው» አለች።

ዋሚ ቢራቱን አነሣች። ዋሚ ከአበበ በፊት ስሙ የገነነ ሯጭ ነበር፤ አበበ በጦር ሠራዊት ውድድር ከዋሚ ቀጥሎ ሁለተኛ የወጣበት ጊዜ አለ። ወደ ሮም ማራቶን ግን ዋሚ ሳይሄድ ቀረ። ሸምግሎም መሮጥ አልተወም፤ በታላቁ ሩጫ ላይ ከወጣቶች መሐል የታየ አዛውንት ነው። የአበበ ታሪክ ያለ ዋሚ፣ ያለ አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነንም ሙሉ አይሆንም።

ከአርሲ ደግሞ የበቆጂን ጠቀሰች። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የዚያ አካባቢ ልጆች ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹን በልጅነታቸው ያሯሯጡት መምህር ስንታየሁ እሸቱ ናቸው። እሳቸው ኦሊምፒክ ሮጠው አያውቁም።

ቀጥላም፣ «በቶኪዮ ፓራሊምፒክ በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ያመጣችው ማን ናት?» ብላ ጠየቀችን። ከአራታችን አንዳችንም አልመለስንም። ትዕግሥት ገዛኸኝ ናት፤ የማየት ችግር ላለባቸው በሚደረገው የ1,500 ሜትር ውድድር ነው ያሸነፈችው። አፈርን። አንድ ልጅ ዓይኑ ወይም እግሩ ጉዳት ያለበት ቤተሰብ ይህን ስም ቢያውቅ ምን ያህል በረታ ነበር!

ከባዱ ጥያቄ

ከሁሉ ያስጨነቀኝ የማሞ ወልዴ ነገር ነው። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ፣ አበበ ተጎድቶ ውድድሩን ሲያቋርጥ፣ ማሞ አደራውን ተቀብሎ የማራቶን ወርቅ ለኢትዮጵያ ለሦስተኛ ጊዜ አመጣ። ከአራት ዓመት በኋላ በሙኒክ ነሐስ ጨመረ። ከደርግ ውድቀት በኋላ ግን በቀይ ሽብር ዘመን በአንድ የ15 ዓመት ልጅ ግድያ ተሳትፏል ተብሎ ታሰረ። ፍርድ ሳያገኝ ዘጠኝ ዓመት ያህል በእስር ቆየ። በ1994 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተብሎ ስድስት ዓመት ተፈረደበት፤ የታሰረው ከዚያ በላይ ስለነበር ተለቀቀ። እሱ ክሱን እስከ መጨረሻው አልተቀበለም። ከወራት በኋላ፣ ግንቦት 18 ቀን አረፈ። እንደ አበበ ሁሉ በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ነው የተቀበረው።

ይህን ለልጅ እንዴት እንነግራለን? ባለቤቴ «ወርቁን ብቻ ንገረው» አለች። ልጄ «የዚያ የ15 ዓመት ልጅ እናትስ?» ብላ ጠየቀች። ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፦ የማሞን ወርቅ መደበቅ ግፍ ነው፤ የሞተውን ልጅ መደበቅም ግፍ ነው። ለሰው መታሰቢያ ስንሠራ እንከን የለሽ ነው ማለታችን መሆን የለበትም። የሠራውን በሙሉ ለመናገር ድፍረት ከሌለን፣ ሐውልቱ ለልጆቻችን የሚያስተምረው ውሸት ነው።

ከበረካው በኋላ የተስማማንባቸው

ቡናው ሲያልቅ አራት ነገር ላይ ተስማማን። ለቀበሌ ስብሰባም ሆነ ለወላጆች ኮሚቴ ሊጠቅማችሁ ይችላል።

አንደኛ፣ ሰውዬው ለዚያ ቦታ ምን አደረገ? አገር ያወቀው ጀግና ሁሉ በየከተማው መሰየም የለበትም። መንገዱን የሮጠበት፣ ልጆቹን ያስተማረበት፣ ሜዳውን ያቀናበት ሰው ይቅደም።

ሁለተኛ፣ ከድሉ በኋላ እንዴት ኖረ? በሕይወት ላለና ገና ለሚወዳደር ወጣት ሽልማት ስጡት፤ ለስሙ ግን ጊዜ ስጡት። ስም የሚያስቸኩል ነገር የለውም።

ሦስተኛ፣ ማን ተረሳ? ዝርዝራችሁ ላይ ሴት፣ አካል ጉዳተኛ፣ አሠልጣኝ ከሌለ ዝርዝሩ አላለቀም።

አራተኛ፣ የነበረውን ስም አንፍቅ። አዲስ ጀግና ለማክበር የቀድሞውን ማጥፋት ለሚቀጥለው ሰው መጥፎ ልማድ ማስተማር ነው።

የወንድሜ ነገር

የወንድሜን ጉዳይ እኔ ሳነሣ አልቻልኩም። «የወንድሙን ስም ሊያስለጥፍ ነው» እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። ልጄ ገባት። «አባዬ፣ ጋሼ የባዳ ሰው ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የምትጠራው እሱን ነበር» አለችኝ።

ስለዚህ ፍርዱን ለሌላ ሰው ሰጠሁ። ወንድሜ ያሯሯጣቸውን፣ ዛሬ የልጆች ወላጅ የሆኑትን ሰባት ሰዎች ቤቴ ጠራሁ። ደብተር አውጥቼ «የምታውቁትን ሁሉ ተናገሩ፤ ክፉውንም ጨምሩ» አልኳቸው። ጫማ የገዛላቸው ነበሩ፤ ትምህርት እንዳያቋርጡ አባታቸውን የለመነላቸው ነበሩ።

ከመሐላቸው አንዷ ግን፣ «እኔን መጀመሪያ አባሮኛል» አለች። ደንግጬ አየኋት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሴት ልጅ አያሯሩጥም ነበር ለካ። «ሴት ልጅ ከአሥራ አምስት በኋላ ታገባለች፤ ምን ልልፋ?» ይል ነበር አለችኝ። እኔ፣ የእናቱ ልጅ፣ ይህን አላውቅም ነበር።

«ታዲያ እንዴት ገባሽ?» አልኳት።

ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና በ10,000 ሜትር አሸነፈች፤ ለኦሊምፒክ ወርቅ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ቀኑ አበበ የተወለደበት 60ኛ ዓመት ነበር። በማግሥቱ የዚህችው ሴት እናት ልጃቸውን እጇን ይዘው ሜዳ ድረስ ሄዱ። «አንተ፣ የትናንቷን አልሰማህም?» አሉት። ወንድሜ አንገቱን ደፋ፤ ከዚያም ፊሽካውን ነፋና «ግቢ» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሴት ልጅ መልሶ አያውቅም።

ይህንንም ደብተሩ ላይ ጻፍኩት። ስሙ ሜዳው ላይ ይውጣ ወይም አይውጣ የሚወስኑት እነሱና ከተማው ናቸው። ከወጣ ግን የዚያች እናት ነገር አብሮ እንዲነገር ጠይቄያለሁ።

ውድ አንባብያን፣ ሐውልት ገንዘብ ይጠይቃል፤ ደብተርና እርሳስ ግን ከቤት አይጠፋም። በሰፈራችሁ ያለውን አሮጌ ሯጭ፣ ኳስ ተጫዋች፣ ብስክሌተኛ ወይም አሠልጣኝ ዛሬ ጠይቁት። ካረፈም የሚያውቁትን ጠይቁ። ልጆቻችሁም ሲጽፉ አብረው ይቀመጡ።

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ፊሽካውን ከግድግዳው ላይ አውርድልኝ አለኝ። አወረድኩለት። ሜዳው ላይ ሲነፋው ስድስት ልጆች መጡ፤ ሁለቱ ሴቶች ናቸው።