የእንግሊዝኛ አጭር ልብ ወለድና የጎጃም አንባቢ

በዋሸራና በጎንጅ፥ በዲማና በደብረ ኤልያስ ጉባኤ ቤት ያለፈ ሰው፥ በሁለት ቤት በምታልቀው ቅኔ በጉባኤ ቃና ሰሙን ለጆሮ ሰጥቶ ወርቁን ለልብ ማስቀረት የለመደ ነውና፥ የእንግሊዝኛ አጭር ልብ ወለድ ቢቀርብለት እንግዳ አይሆንበትም፤ ይህ የድርሰት ዐይነት በአንድ መቀመጫ ተነቦ የሚያልቅ፥ ከሚገልጠውም የሚሰውረው የሚበልጥ ነውና።

ከሁሉ አብልጬ የማደንቀው ዊልያም ጄኮብስ እ.ኤ.አ. በ1902 ያሳተመውን «የዝንጀሮ መዳፍ» ነው። አንድ ሽማግሌ ሦስት ምኞት ይፈጽማል የተባለ የደረቀ የዝንጀሮ መዳፍ አግኝቶ 200 ፓውንድ ቢመኝ፥ በማግስቱ አንድ ልጁ በፋብሪካ መኪና ተይዞ ይሞትና ካሣ ተብሎ የሚሰጠው ልክ 200 ፓውንድ ይሆናል። እናቲቱ በኀዘኗ ብዛት ልጇ እንዲመለስ ባሏን ስታስመኘው፥ በሌሊት በሩ ይንኳኳል፤ እርሷ መወርወሪያውን ለመክፈት ስትታገል፥ እርሱ በጨለማ ዳብሶ መዳፉን ያገኝና ሦስተኛውን ምኞት ይመኛል፤ በሩ ሲከፈት ጎዳናው ባዶ ነው። ሽማግሌው ምን እንደ ተመኘ፥ በደጅም የቆመው ምን እንደ ነበረ ደራሲው አይናገርም፤ አንባቢው ግን ዐውቆ ይንቀጠቀጣል። እኔ ወርቅ የምለው ይህን ነው።

የአጭር ልብ ወለድ ስፋቱም የሚያስገርም ነው፤ ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. ከ1891 ጀምሮ በስትራንድ መጽሔት የወንጀል ምርመራን ሲተርክበት፥ በህንድ የተወለደው ኪፕሊንግ የወታደሩን ኑሮ፥ የኒውዚላንዷ ካትሪን ማንስፊልድ በግብዣ ቀን የድሀ ጎረቤቷን ሞት የሰማች ልጃገረድን ልብ፥ አየርላንዳዊው ጆይስም በ1914 ባወጣው መጽሐፍ የዱብሊንን ሕዝብ በ15 ታሪክ አሳይተውበታል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ከእንግሊዝ ምድር ውጭ የተወለዱ መሆናቸው፥ ይህ ጥበብ ለአንድ አገር ብቻ ያልተሰጠ ለመሆኑ ምስክር ነው።

በአማርኛ አጭር ልብ ወለድን በራሱ መልክ ካቆሙት ቀዳሚው፥ በ1949 ዓ.ም. «መስከረም»ን፥ በ1952 ዓ.ም. «ሌላው መንገድ»ን ያሳተሙት ታደሰ ሊበን ናቸው። በደብረ ማርቆስ አጠገብ በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁም በ1948 ዓ.ም. «ተረት ተረት የመሠረት» ብለው የአገሩን ተረት ጽፈውልን ነበር፤ ነገር ግን የ1958ቱ «ፍቅር እስከ መቃብር» ክብር ከፍ ስላለ፥ የጎጃም ጸሐፊ ሲነሣ የሚታሰበን ረጅሙ ድርሰት ብቻ ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ በደብረ ማርቆስና በአካባቢው የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፥ ቅኔ የቀመሱትን ደቀ መዛሙርት ከእነዚህ ታሪኮች አንዱን አስነብባችሁ፥ የየመንደራቸውን ነገር በሦስት በአራት ገጽ እንዲጽፉ አበረታቱልን።