ሽጉጥን ውድ የሚያደርገው ምንድን ነው?

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር የመቅደላን በር ሰብሮ ሲገባ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ሽጉጣቸውን ጠጥተው ወድቀው ነበር። ሽጉጡ ንግሥት ቪክቶሪያ ራሷ ከላከችላቸው ጥንድ ሽጉጦች አንዱ ነው። የእንግሊዝ ቆንስል ካሜሮን በ1855 ዓ.ም. ያመጣው ይህ ስጦታ፣ ለቀድሞው ቆንስል ለፕላውደን ለተደረገው ደግነት የቀረበ ምስጋና ተቀርጾበት ነበር።

እንዲህ ያለ መሣሪያ በምን ይተመናል?

ብዙዎች የሚቀድማቸው መልስ ቁጥሩ ነው፤ ጥቂት ከተሠራ ውድ ይሆናል ይላሉ። እውነትነት አለው። ኮልት ዎከር የተባለው ስድስት ጎራሽ እ.ኤ.አ. በ1847 የተመረተው 1,100 ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከነሣጥኑ የተጠበቀ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ በ1.84 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ነገር ግን አሜሪካዊው ሸሪፍ ፓት ጋሬት ወንበዴውን ቢሊ ዘ ኪድን የገደለበት ኮልት፣ በብዛት ከተመረተ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። ሠዓሊው ቫን ጎግ ራሱን እንደመታበት የሚታመነው ሽጉጥ ደግሞ ከእርሻ መሬት የተገኘ፣ ዝገት የበላው ብረት ነው፤ መተኮስ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2019 ፓሪስ ላይ 162,500 ዩሮ ተከፍሎበታል። ገዢው የከፈለው ለታሪኩ ነው።

ታሪክ ግን ማስረጃ ይፈልጋል። «የእገሌ ነበር» የሚል ወሬ ገንዘብ አያወጣም፤ ገማቾች ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ፣ የፋብሪካ መዝገብ ይጠይቃሉ። ከዚያ ብረቱን ራሱን ይመረምራሉ። በአፈሙዙ፣ በአካሉና ጥይት በሚጎርሰው ተሽከርካሪ ክፍል ላይ የተመቱት ቁጥሮች ይመሳሰላሉ? የብሎኖቹ ጭንቅላት በመፍቻ ተፋፍቋል? የፊደላቱ ጠርዝ ስል ነው ወይስ ሟሟ? የሟሟ ፊደል አንድ ሰው ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት እንዳሸው ያሳብቃል።

እዚህ ላይ ኬሚስትሪው ይገባል። የአሮጌ ሽጉጥ ጥቁር ሰማያዊ መልክ ቀለም አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተፈጠረ፣ ማግኔታይት የሚባል ስስ የብረት ኦክሳይድ ነው። ቀዩ ዝገት ብረቱን እየፈረፈረ ሲበላ፣ ይኼኛው ግን ተጣብቆ ይሸፍነዋል። አንዴ ከተፋቀ የፋብሪካው ሥራ አይመለስም፤ አዲስ ሽፋን ቢቀባም ሰብሳቢው ያውቀዋል። ስለዚህ ከጎንደር እስከ አርባ ምንጭ ከአያት የወረደ መሣሪያ ያለው ሰው፣ «ላሳምረው» ብሎ ቢወለውለው ታሪኩን ነው የሚፍቀው።

የመቅደላ ዕቃዎች ግን ከዚህ ሁሉ የከበደ ጥያቄ ያነሣሉ። ከድሉ በኋላ የተዘረፈው በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተቸበቸበ፤ ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ብዙው ዛሬም በእንግሊዝ ቤተ መዘክሮችና በግለሰቦች እጅ ነው። በኢትዮጵያ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ነው፤ የመቅደላው ዝርፊያ ግን አዋጁን ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞታል፤ ስለዚህ ማስመለሱ በክርክርና በልመና ላይ ቆሟል። በ2016 ዓ.ም. ኒውካስል ውስጥ ለጨረታ የቀረበ ጋሻ «መቅደላ» የሚል ጽሑፍና የተወሰደበት ቀን ተቀርጾበት ነበር። ዋጋውን ከፍ ሊያደርግ የሚችለው ያ ጽሑፍ፣ ከየት እንደተዘረፈም መሰከረ፤ ኢትዮጵያ ጠየቀች፣ ሽያጩም ተቋረጠ።