ባሕር ዳር አንድ ሰዓት ናትን?

«ባሕር ዳርማ ምን አላት! የአንድ ሰዓት መንገድ ናት» ሲባል ያልሰማ የለም። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የአይሮፕላኑን ጊዜ እንጂ የመንገደኛውን ጊዜ አይቈጥርም። የሁለቱን ልዩነት ለመረዳት አዴት ላይ ቆሞ ማስላት ይበቃል።

አስቀድመን ርቀቱን እንመልከት። ከቦሌ እስከ ባሕር ዳር አይሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ መሥመር ሲለካ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪና ግን ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ ደጀን ይወጣል፤ ከዚያም በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የዞረ እንደ ሆነ መንገዱ 560፣ በሞጣና በአዴት የመጣ እንደ ሆነ 490 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆንበታል።

በአገር ውስጥ መሥመር የሚሠራው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 አይሮፕላን በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል። እንግዲህ 330ን ለ600 ብናካፍል 33 ደቂቃ ይሆናል። ታዲያ ሰሌዳው ስለ ምን አንድ ሰዓት ያህል ይላል? አይሮፕላኑ ሙሉ ፍጥነቱን የሚያገኘው በመካከል ብቻ ስለ ሆነ ነው። አስቀድሞ ተራውን ጠብቆ ወደ መንደርደሪያው ይንከባለላል፤ ከፍታ እስኪይዝ ይወጣል፤ ለማረፍም ፍጥነቱን ቀንሶ ይወርዳል። ይህ ዕዳ ጉዞው ቢያጥርም ቢረዝምም ብዙ አይለያይም። ናይሮቢ ከቦሌ 1,160 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ማለት የባሕር ዳርን ሦስት እጥፍ ተኩል ትርቃለች፤ የጄቱ ፍጥነት መብለጡ እንዳለ ሆኖ፣ ጉዞው የሚፈጀው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው።

አሁን ወደ አዴት እንሂድ። አዴት ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ ከ40 ኪሎ ሜትር ጥቂት በለጥ ብላ ትገኛለች። ካርታ ዘርግቶ ቦሌንና ባሕር ዳርን በማስመሪያ ያገናኘ ሰው መሥመሩ በአዴት አጠገብ ሲያልፍ ያያል። እንግዲህ የይልማና ዴንሳ ሰው በአይሮፕላን አዲስ አበባ ለመሄድ መጀመሪያ ለአዲስ አበባ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ሰሜን ይጓዛል፤ ከተሳፈረም በኋላ በገዛ ቤቱ አናት ላይ ይመለሳል።

ሒሳቡን እንደምር። ባሕር ዳር ለመድረስ አንድ ሰዓት፣ ማረፊያው ላይ ለፍተሻና ለጥበቃ ሁለት ሰዓት፣ ለበረራው አንድ ሰዓት፣ ከቦሌ ወደሚፈለገው ቢሮ አንድ ሰዓት፤ ድምሩ አምስት ሰዓት ነው። ይህም መንገዱ ክፍትና ሰላም በሆነ፣ ሚኒባሱም ቶሎ በሞላ ዕለት ነው። በመኪና ቢሄድ ዐሥር ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። አንድ ለዐሥር መስሎን የነበረው ልዩነት አንድ ለሁለት ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ ጊዜ ከየት ይትረፍ? በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ አይሮፕላን ቢመጣ የሚተርፈው አምስት ደቂቃ ያህል ነው። የአዴት ሚኒባስ ከበረራው ሰዓት ጋር ተስማምቶ ቢነሣ ግን ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ጊዜ ይተርፋል።

ይህን የምጽፈው በተለይ ደብዳቤ ለሚያረቅቁ ወጣት ሠራተኞች ነው። የአዴቱን ባለጉዳይ «ጠዋት በሦስት ሰዓት ቅረብ» ብለን ስንጠራው ከሌሊቱ በዐሥር ሰዓት ከቤቱ ውጣ ማለታችን ነው። በዚያ ሰዓት ሚኒባስ የለም፤ አይሮፕላኑም እርሱን አይጠብቅም። ስለዚህ ሰውየው በዋዜማው ተነሥቶ፣ አዳሩን ከኪሱ ከፍሎ ይመጣል። እኛም የአንድ ቀን አበል ቈርጠን፣ ጥቂት ቢዘገይ «ባሕር ዳር እኮ አንድ ሰዓት ናት» ብለን እንገሥጸዋለን። ቀጠሮውን ወደ ከሰዓት በኋላ ማዛወር ግን አንድ መሥመር መጻፍ ብቻ ነበር።