ርካሽ ጉልበት ስንት ያስወጣል?

«ደመወዝ ከፍ ካለ ባለሀብት ይሸሻል» ሲባል በሥራዬ ደጋግሜ እሰማለሁ። በሰው ኃይል አስተዳደር ለምንሠራ ግን ሒሳቡ እዚያ ላይ አያበቃም።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክን ውሰዱ። በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ለባለሀብት ከቀረቡት ማባበያዎች አንዱ የጉልበት ርካሽነት ነበር። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ዓ.ም. ባወጡት ዘገባ የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነበር። ከገጠር የመጣች ወጣት ከዚህ ላይ የቤት ኪራይና ምግብ ስትቀንስ ለቤተሰቧ የምትልከው አይተርፋትም። ብዙዎቹ ዓመት ሳይሞላቸው ለቀቁ። ፋብሪካው በምትካቸው ሌላ ይመለምላል፣ ያሠለጥናል፣ የአዲሷ እጅ እስኪፈታም የሚበላሸውን ልብስ ይሸከማል። ይህ ሁሉ ወጪ በደመወዝ መክፈያ ሰነድ ላይ አይታይም።

ሕጉስ? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 55 ዝቅተኛውን ደመወዝ በጥናት ላይ ተመሥርቶ በየጊዜው የሚከልስ የደመወዝ ቦርድ እንደሚኖር ይናገራል፤ የመንግሥት፣ የአሠሪና የሠራተኛ ተወካዮች ያሉበት። የደመወዙን ወለል ግን አዋጁ ራሱ በብር አልቆረጠም። (ይህን ስነግራቸው የማያምኑኝ ሥራ አስኪያጆች አሉ።)

ክርክሩ ሁሌ «ስንት ይሁን?» ላይ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በየስንት ጊዜው እንደሚከለስ ነው። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዘይትና የኪራይ ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። የክለሳው ጊዜ በሕግ ካልታሰረ፣ ዛሬ የሚቆረጠው ወለል ለከርሞ ኪራይም አይበቃም።