ይወጣል፣ ተለቀቀ፣ በቃ፦ የማስታወሻ መያዣ ሶፍትዌርን ቀጣይ ስሪት ስለ መጠበቅ የምንጠቀምባቸው ቃላት

1. መነሻ

እንደሚታወቀው የመዝገበ ቃላት ሥራ በመሠረቱ የማስታወሻ ሥራ ነው። አንድ ቃል ሲገኝ ከነምሳሌው፣ ከተገኘበት ጽሑፍና ቀን ጋር በካርድ ላይ ይመዘገባል፤ ካርዱም በፊደል ተራ ይቀመጣል። ዛሬ በብዙ የሥራ ክፍሎች የካርዱን ቦታ የያዘው የማስታወሻ መያዣ ሶፍትዌር ነው። ይሁን እንጂ ካርድ አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ ባለበት ሲቆይ፣ ሶፍትዌር ግን በየጊዜው ይለወጣል። በዚህም ምክንያት የዛሬው ቃል ሰብሳቢና ተርጓሚ ከእርሱ በፊት የነበሩት የማያውቁት ተጨማሪ ሥራ አለበት፤ እርሱም ቀጣዩን ስሪት መጠበቅ ነው።

የሚጠብቅ ሰው ውሳኔ የሚያደርገው በሚያነበው የማስታወቂያ ቃል ላይ ተመሥርቶ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛ የምንሠራበት ክፍል ያጋጠመውን እንግለጽ። በአማርኛ ተተርጉሞ የደረሰን ማስታወቂያ «አዲሱ ስሪት ወጥቷል» ይል ስለ ነበር ካርዶቻችንን ወደዚያው አዛወርን። ካዛወርን በኋላ የሙያ ዘርፍ መለያዎቹ ከብዙዎቹ ካርዶች ላይ ጠፍተው ተገኙ፤ የቀድሞው ስሪት ደግሞ አዲሱን ፋይል ማንበብ አልቻለም። የእንግሊዝኛውን ማስታወቂያ አመሳክረን ስናየው ለሙከራ ብቻ የተሰጠ መሆኑን ይናገራል። መለያዎቹን አንድ በአንድ በእጅ መልሰን ጻፍን። ጥፋቱ የሶፍትዌሩ ብቻ ሳይሆን የአንድ ግስም ነበር። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት የተነሣሣነው በዚሁ ምክንያት ነው።

2. አንድ ግስ የማይተርከው ታሪክ

ጉዳዩን ግልጽ ለማድረግ በሰፊው የሚታወቅ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የሎተስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1988 አጀንዳ የተባለ ፕሮግራም አቅርቦ ነበር። ተጠቃሚው ሐሳቡን እንደ መጣለት ይጽፋል፤ በየትኛው ክፍል እንደሚመደብ የሚወስነው በኋላ ነው። ፕሮግራሙ ከገበያ ከወጣ በኋላም የሚናፍቁት ሰዎች አልጠፉም። የሎተስ መሥራች የሆኑት ሚች ኬፖር ይህንኑ ሐሳብ በአዲስ መልክ ለማንሣት እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ ድርጅት አቋቋሙ። ማስታወሻን፣ የሥራ ዝርዝርን፣ ደብዳቤንና ቀጠሮን በአንድነት የሚይዘው ይህ ፕሮግራም ቻንድለር ተባለ።

የቻንድለር 0.1 ስሪት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2003 ለሕዝብ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ ከአንድ በታች የሆነ ቁጥር የያዙ ሌሎች ስሪቶች ተከታተሉ። በመስከረም 2007 «ቅድመ ዕይታ» ልንለው የምንችል ስም የያዘ ስሪት ቀረበ። 1.0 የተባለው የወጣው በነሐሴ 2008 ነው። የሥራውን ሂደት በቅርብ የተከታተለው ጋዜጠኛ ስኮት ሮዘንበርግ የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2007 ስለ ታተመ፣ ስለ ሶፍትዌሩ የተጻፈው መጽሐፍ ሶፍትዌሩን ቀድሞ ወጣ።

እንግዲህ ይህ ፕሮግራም መቼ ወጣ? በ2002 ተነገረ፤ በ2003 ተለቀቀ፤ በ2007 በስፋት ተሞከረ፤ በ2008 ለአገልግሎት በቃ። ለአራቱም «ወጣ» የሚለውን ብቻ ብንጠቀም ተጠቃሚው ስድስት ዓመት ሙሉ ምን ይጠብቅ እንደ ነበር ለመናገር አንችልም።

3. «እትም»፣ «ስሪት» እና «ልቀት»

በዚህ መስክ ሦስት ስሞች እየተቀላቀሉ ሲሠራባቸው እናያለን።

«እትም» የተገኘው «አተመ» ከሚለው ግስ ነው። ስለ መጽሐፍ ሲነገር ግልጽ ነው፤ «ሁለተኛ እትም» ሲባል አንባቢው ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። በሶፍትዌር ረገድ ግን አንዱ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ ለተማሪ፣ ለግለሰብና ለመሥሪያ ቤት ተለይቶ ሊቀርብ ይችላል። ይህ የዓይነት ልዩነት ነው እንጂ የጊዜ ቅደም ተከተል አይደለም። ስለዚህ «እትም» ለዚህ ቢወሰን ይመረጣል እንላለን፤ «የተማሪዎች እትም» እንደማለት ነው።

«ስሪት» ከ«ሠራ» የወጣ ነው። ዕድሜ ጠገብ ለሆነው አንባቢ ይህ ቃል በመጀመሪያ የሚያስታውሰው የመሬት ሥሪትን ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን መስኩ የተለያየ ስለ ሆነ የሚያሻማ አይደለም። በኮምፒዩተር አማርኛም ከወዲሁ ተለምዷል። በቁጥር ተለይቶ የሚታወቅን የፕሮግራም ደረጃ «ስሪት» ማለት ተገቢ ነው።

«ልቀት» ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከ«ለቀቀ» ሲመጣ ከፋብሪካ የሚወጣውን ጢስና ጋዝ ለመግለጽ በሰፊው ይሠራበታል፤ ከ«ላቀ» ሲመጣ ደግሞ ብልጫ ማለት ነው። ምንጩ ሁለት ሲሆን ጽሕፈቱ አንድ ነው። በዚህ ላይ ከአዲስ ስሪት ጋር የሚሰጠውን የለውጥ መግለጫ «የልቀት ማስታወሻ» ብሎ መተርጎም ሌላ ችግር ይጨምራል፤ ምክንያቱም በማስታወሻ መያዣ ፕሮግራም ውስጥ «ማስታወሻ» ማለት የተጠቃሚው የራሱ ጽሑፍ ነው። ተጠቃሚው «የልቀት ማስታወሻውን ይክፈቱ» የሚል ትእዛዝ ሲያነብ ከራሱ ማስታወሻዎች መካከል ይፈልገዋል። «የለውጦች መግለጫ» ቢባል ችግሩ ይወገዳል።

4. ግሶቹ

ለስሙ ብዙ ስንደክም ግሱን እንዘነጋለን። አማርኛ ግን አንድ ሥራ ለሕዝብ መድረሱን የሚገልጽባቸው የተለያዩ ግሶች አሉት። ጋዜጣ ይወጣል፤ የሙዚቃ አልበም ይለቀቃል፤ መጽሐፍ ለንባብ ይበቃል። በተለይ «በቃ» የሚለው ግስ መድረስን ብቻ ሳይሆን ብቁ መሆንንም ይናገራል። ለጉዳያችን የሚያስፈልገንም ይኸው ልዩነት ነው።

ስለሆነም የሙከራ ስሪት «ለሙከራ ተለቀቀ»፣ የተጠናቀቀው ደግሞ «ለአገልግሎት በቃ» እንዲባል እናሳስባለን። ለሙከራው ደረጃ በአንዳንድ የኮምፒዩተር ገጾች ላይ «ቅድመ ይሁንታ» የሚል አተረጓጎም አይተናል። አወቃቀሩ አይነቀፍም፤ ሆኖም ይሁንታ ሰጪው ማን እንደ ሆነ አይናገርም፣ ተጠቃሚውም ምን ማድረግ እንዳለበት አያመለክትም። «ለሙከራ» የሚለው ግን ሰውዬው የማይተካ ሥራውን እንዳያሰፍርበት በግልጽ ያስጠነቅቀዋል።

ገና ያልወጣውን በሚመለከት ደግሞ «ይጠበቃል» የሚለው ግስ ከመጠን በላይ እየተሠራበት ነው። ሠሪዎቹ «አስበናል» ሲሉ ተርጓሚው «ይወጣል ተብሎ ይጠበቃል» ይላል፤ ሠሪዎቹ «ቃል አንገባም» ሲሉም እንዲሁ። የሚጠብቀው ማን ነው? አሳቢው፣ ቃል ሰጪው ወይስ አንባቢው? ይህ ተገብሮ ግስ ባለቤቱን ስለሚሰውር ሐሳብን ወደ ተስፋ፣ ተስፋንም ወደ ቀጠሮ ይለውጣል። ስለዚህ «ሠሪዎቹ ለማውጣት አስበዋል»፣ «ሠሪዎቹ ቀን ቆርጠዋል» እየተባለ ባለቤቱ ቢገለጽ ትክክለኛ ይሆናል። «ፍኖተ ካርታ» የተባለውም ሰነድ መሄጃን እንጂ መድረሻ ቀንን የሚያሳይ አለመሆኑን ማስታወስ ይገባል።

5. «ማዘመን» እና «ማሻሻል»

ማንኛውንም አዲስ ስሪት «ማሻሻያ» ማለት የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ «ተሻሻለ» ማለት የተሻለ ሆነ ማለት ስለ ሆነ ቃሉ ፍርድ ይሰጣል። ኤቨርኖት የተባለው የማስታወሻ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2020 እንደ አዲስ ተሠርቶ በ10ኛ ስሪቱ ሲወጣ በቀድሞው ውስጥ የነበሩ አንዳንድ አገልግሎቶች አልነበሩበትም፤ ለዚሁም የቀድሞው ስሪት «ሌጋሲ» በሚል ተቀጽላ ለተወሰኑ ዓመታት ጎን ለጎን እንዲቆይ ተደርጓል። የለመደውን አገልግሎት ላጣው ሰው ይህ ማዘመን እንጂ ማሻሻል አልነበረም። «ዝማኔ» ጊዜን ብቻ ስለሚገልጽ ገለልተኛ ነው፤ «ማሻሻያ» ግን መሻሻሉ ሲታወቅ ይነገር። ከዚሁ ጋር፣ «ሌጋሲ»ን «ውርስ» ብሎ መተርጎም ያሳስታል፤ ሞቶ ያወረሰ የለምና። «ነባር ስሪት» ይበቃል።

6. ቁጥርና ወቅት

የስሪት ቁጥር ነጥብ የአሥርዮሽ ነጥብ አይደለም። ከ1.9 ቀጥሎ የሚመጣው 1.10 ሊሆን ይችላል፤ ይህም «አንድ ነጥብ አሥር» ተብሎ ይነበባል እንጂ «አንድ ነጥብ አንድ ዜሮ» አይባልም። እንደ አሥርዮሽ ያነበበ ሰው አዲሱ ከአሮጌው ያነሰ ይመስለዋል። ከዚህ ልማድ የተለየው የዶናልድ ክኑዝ ቴክ የተባለው የጽሕፈት ማቀነባበሪያ ፕሮግራም ነው፤ ከ3ኛው ስሪት ወዲህ ቁጥሩ ወደ ፓይ እየተጠጋ ሲሄድ በ2021 እ.ኤ.አ. 3.141592653 ደርሷል።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስተው ወቅቱ ነው። የሰሜን አሜሪካ ሠሪዎች ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ የሚውሉበትን ሞቃት ወቅታቸውን ጠቅሰው «ያን ጊዜ እናወጣለን» ይላሉ። ሙቀቱን የተከተለ ተርጓሚ «በበጋ» ይላል፤ ወራቱን የተከተለ «በክረምት» ይላል። የእኛ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ስለ ሆነ የመጀመሪያው ትርጉም አንባቢውን በግማሽ ዓመት ያህል ያሳስተዋል። «በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ በኅዳር ያነበበው ሰው እስከ መስከረም ይጠብቃል፣ ሶፍትዌሩ ግን በጥር ወጥቷል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ወቅቱ ቀርቶ ወሩ ይጻፍ፣ የዘመን አቆጣጠሩም ይገለጽ።

7. ማጠቃለያ

ሐሳባችንን ባጭሩ ለመግለጽ፦ ለቁጥራዊ ደረጃው «ስሪት»፣ ለዓይነቱ «እትም»፣ ለመግለጫው «የለውጦች መግለጫ»፣ ለሙከራው «ለሙከራ ተለቀቀ»፣ ለተጠናቀቀው «ለአገልግሎት በቃ»፣ ያልወጣውን በተመለከተም የአሳቢው ስም ተጠቅሶ «ለማውጣት አስበዋል» እንዲባል እናቀርባለን። ከእነዚህ መካከል አዲስ የተፈጠረ ቃል የለም፤ ያደረግነው ቢኖር ያሉትን በየቦታቸው መመደብ ብቻ ነው።

«ጠበቀ» በአማርኛ ሁለት ፍች እንዳለው የሙያ ባልደረቦቻችን ያውቃሉ፤ አንዱ መምጣትን መጠባበቅ፣ ሁለተኛው እንዳይጠፋ መንከባከብ ነው። ቀጣዩን ስሪት በመጀመሪያው ፍች የሚጠብቅ ሁሉ ማስታወሻዎቹን በሁለተኛው ፍች ሊጠብቅ ይገባዋል፤ ቅጂ አስቀምጦ፣ የተተረጎመውን ማስታወቂያም ከምንጩ ጋር አመሳክሮ። እኛ ይህን የተማርነው ዘግይተን ነው። ከዚህ የተሻለ ቃል ያላቸው አንባብያን ከነምሳሌው እንዲጽፉልን እንጋብዛለን።