የየቲሞች ጉዳይና የቀበሌ ምክር ቤት

የቲምን ማብላትና ማልበስ በሶደቃችን የምንወጣው ግዴታ ነው። ይሁን እንጂ ለልጁ ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዳንዶቹ በገንዘብ ሳይሆን በቀበሌ በኩል የሚገኙ ናቸው።

አንደኛው የአባቱ የሞት ምስክር ወረቀት ሲሆን፣ ያለ እርሱ ውርስን ማስከበር ያዳግታል። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሞት በ30፣ ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ አለበት። ሁለተኛው ሕክምና ነው። በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የድሃ ቤተሰብን መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል፤ መድኑን ቀድመው ከጀመሩት ወረዳዎች አንዱም በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚገኘው ፎገራ ነው። ድሃው ማን እንደሆነ የሚለየው ግን ቀበሌው ነው። ከዝርዝሩ የተዘነጋች ባሏ የሞተባት እናት ልጇን የምታሳክመው ከጉሮሮዋ ነጥቃ ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 መንግሥት ለወላጅ አልባ ሕፃናት ልዩ ጥበቃ እንዲያደርግ፣ አንቀጽ 50 ደግሞ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋሉ።

የአካባቢ ምርጫ በሚያዝያ 2005 ከተካሄደ በኋላ በ2010 ሊደረግ የነበረው ተራዝሟል። ዕጩዎች በባሕር ዳርና በሐይቁ ዙሪያ በፊታችን በሚቆሙበት ጊዜ ስለ መንገድ፣ ስለ ንጹሕ ውኃና ስለ እምቦጭ አረም መጠየቃችን ተገቢ ነው። ይህንንም እንጨምር፦ «በሰፈራችን ያሉትን የቲሞች ያውቋቸዋልን? የድሆች ዝርዝርስ በሕዝብ ፊት ይነበባልን?»

ሹመት አማና ነው፤ ድምፅም እንዲሁ። አላህ አማናቸውን ከሚጠብቁት ያድርገን።