የመንግሥታት ብድርና የአከፋፈሉ ውል

አንድ ሰው ለባልንጀራው ገንዘብ ሲያበድር ወረቀት ይጻፋል፤ ምስክሮች ይፈርማሉ፤ ዋስ ይጠራል። ቀኑ ደርሶ ተበዳሪው ባይከፍል አበዳሪው ዳኛ ፊት ቀርቦ ያስፈርዳል፤ በፍርዱም መሠረት የባለዕዳው ንብረት ይያዛል። ነገር ግን አበዳሪውም መንግሥት፣ ተበዳሪውም መንግሥት በሆነ ጊዜ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ለመንግሥት ዋስ የሚሆነው ማን ነው? በሁለት ነጻ መንግሥታት መካከል ያለውንስ ዕዳ በግድ የሚያስከፍል የትኛው ዳኛ ነው?

ክቡራን አንባቢዎች፣ ይህን ጥያቄ በሐሳብ ብቻ ከመመርመር ይልቅ በሥራ የታየ ምሳሌ ማንሣት ይሻላል። ስለዚህ የእንግሊዝ መንግሥት በ1945 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ስለ ተዋዋለውና በ2006 ከፍሎ ስለ ጨረሰው ብድር ባጭሩ እንገልጻለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፈጸም እንግሊዝ ከድል አድራጊዎቹ አንዷ ነበረች፤ ካዝናዋ ግን ተራቁቶ ነበር። በጦርነቱ ዘመን ፋብሪካዎቿ ወደ ውጭ አገር የሚሸጥ ዕቃ መሥራታቸውን ትተው ለጦሩ ይሠሩ ስለ ነበረ፣ ለሕዝቧ ምግብና ለኢንዱስትሪዋ ጥሬ ዕቃ የምትገዛበት በቂ ዶላር አልነበራትም። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ደግፎ ያቆማት፣ አሜሪካ በ1941 ባወጣችው የማበደርና የማከራየት ሕግ መሠረት የምትሰጣት እርዳታ ነበር። ይህም እርዳታ ጃፓን እጅ እንደ ሰጠች በኦገስት ወር 1945 በድንገት ተቋረጠ።

በዚህ ጊዜ የእንግሊዝ መንግሥት ታላቁን የኢኮኖሚ ሊቅ ሎርድ ኬይንስን ወደ ዋሽንግተን ላከ፤ እርሳቸውም በዚያ ከነበሩት አምባሳደር ከሎርድ ሃሊፋክስ ጋር ሆነው ንግግሩን መሩ። ኬይንስ ሲሄዱ ተስፋቸው ገንዘቡ በስጦታ፣ ይህ ባይሆን ያለ ወለድ እንዲሰጥ ነበር። አገራቸው በጦርነቱ የተሸከመችው መከራ እንዲታሰብላት ፈለጉ። አሜሪካኖቹ ግን ገንዘቡ የግብር ከፋዩ ሕዝብ ስለ ሆነ ምክር ቤታቸው ስጦታን እንደማይቀበል ገለጹ። ክርክሩ ወራት ከፈጀ በኋላ ውሉ ዲሴምበር 6 ቀን 1945 ተፈረመ።

የውሉ ዋና ዋና ቃሎች እነዚህ ናቸው። አሜሪካ 3,750 ሚሊዮን ዶላር ታበድራለች፤ ከጦርነቱ እርዳታ ለቀረው ሒሳብ መዝጊያም 586 ሚሊዮን ዶላር ያህል በዚሁ ዓይነት ይታሰባል። ወለዱ በዓመት ከመቶ 2 ነው። ተበዳሪዋ እንድታገግም እስከ 1951 መጨረሻ ድረስ ምንም አትከፍልም፤ ከዲሴምበር 31 ቀን 1951 ጀምሮ ግን ዋናውንና ወለዱን በ50 ዓመታዊ ክፍያ ትመልሳለች። ለያንዳንዱ 1,000 ሚሊዮን ዶላር የዓመቱ ክፍያ 31.8 ሚሊዮን ያህል ይሆናል ማለት ነው። ካናዳም በ1946 ተመሳሳይ በሆነ ውል 1,250 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር አበደረች።

ከነዚህ ቃሎች በቀር ውሉ ሁለት ብርቱ አንቀጾች ነበሩት። አንደኛው አበዳሪዋን ሲጠቅም፣ ሁለተኛው ተበዳሪዋን ለመጠበቅ የተጻፈ ነው። የሁለቱንም ፍጻሜ መመልከት ያስተምራል።

የመጀመሪያው አንቀጽ፣ ብድሩ ከጸና በኋላ አንድ ዓመት ሲሞላ፣ ከንግድ የተገኘ የእንግሊዝ ገንዘብ በእጁ ያለ የውጭ አገር ሰው በነጻ ወደ ዶላር እንዲለውጠው የሚያስገድድ ነበር። ፕሬዚዳንት ትሩማን ሕጉን የፈረሙት ጁላይ 15 ቀን 1946 ስለ ሆነ፣ ጁላይ 15 ቀን 1947 በሩ ተከፈተ። ወዲያውም ፓውንድ የያዘ ሁሉ ዶላር ለመውሰድ ተሽቀዳደመ፤ ለብዙ ዓመት ታስቦ የነበረው የብድር ገንዘብ በፍጥነት ይፈስ ጀመር። አምስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ኦገስት 20 ቀን 1947፣ የእንግሊዝ መንግሥት ልውውጡን አገደ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፣ ከተበዳሪው አቅም በላይ የሆነ ግዴታ አበዳሪውንም እንዳልጠቀመ በዚህ ታየ።

ሁለተኛው አንቀጽ ስለ ችግር ጊዜ የሚናገር ነው። የእንግሊዝ የውጭ ገቢ በውሉ ከተመለከተው መጠን በታች ከወረደ፣ ይህንንም ዓለም አቀፍ የገንዘብ ድርጅት ካረጋገጠ፣ የዚያ ዓመት ወለድ ይቀራል ይላል። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ መለኪያው ግን ከጦርነቱ በፊት በነበረው የ1936–38 ንግድ ላይ ተመሥርቶ ስለ ተጻፈ፣ ዘመኑ ሲለወጥ ለሥራ የማይመች ሆነ። በ1956 በስዌዝ ቦይ ጠብ የተነሣ እንግሊዝ የዶላር እጥረት በገጠማት ጊዜ አንቀጹን ለመጠቀም ብትፈልግ አፈጻጸሙ አከራካሪ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ ዲፕሎማሲ ጥቅሙ የሚታወቀው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። ሁለቱ መንግሥታት አንዱ ሌላውን ውል አፍራሽ ከማለት ይልቅ እንደ ገና ተቀምጠው በማርች ወር 1957 አንቀጹን አሻሻሉ። አዲሱ ቃል ግልጽ ነበር፤ እንግሊዝ ሲቸግራት የዓመቱን ክፍያ እስከ ሰባት ጊዜ ልታስተላልፍ ትችላለች፤ የተላለፈው ግን አይሰረዝም፤ ወለድ እየታሰበበት በመጨረሻ ይከፈላል። አበዳሪዋ ገንዘቧን አላጣችም፤ ተበዳሪዋም ክብሯን አላጣችም።

እንግሊዝም በዚህ መብት በ1956፣ በ1957፣ በ1964፣ በ1965፣ በ1968ና በ1976፣ በጠቅላላው ስድስት ጊዜ ተጠቀመች። በ2000 ሊፈጸም የነበረው ዕዳ እስከ 2006 የዘገየው ስለዚህ ነው። ዲሴምበር 29 ቀን 2006 የመጨረሻው 83.25 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ ተከፈለ፤ ለካናዳም የቀረው ተከፍሎ መዝገቡ ተዘጋ። ለአሜሪካ የተመለሰው በጠቅላላው 7,500 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው። ይሁን እንጂ በነዚያ ዓመታት የዶላር የመግዛት ኃይል እየቀነሰ ስለ ሄደ፣ የኋለኛው ክፍያ እንደ ፊተኛው የከበደ አልነበረም።

ይህን ከሌላው የሁለቱ አገሮች ብድር ጋር ማስተያየት ይገባል። ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ዕዳ በ1923 የ62 ዓመት ውል ተዋውለው ነበር። የዓለም ንግድ በተናጋና ጀርመን የጦር ካሣ መክፈሏን ባቆመች ጊዜ ግን መግባባት አልተቻለም፤ ከ1934 ጀምሮ ክፍያው ቆመ፤ ዕዳውም ሳይከፈል ቀረ። ያን ዕዳ ያስቀረው የውሉ ቃል ብቻ ነው አንልም፤ የዘመኑ ችግር እጅግ ብርቱ ነበር። የሆነ ሆኖ በ1957 የተገኘው ዓይነት ስምምነት በዚያን ጊዜ አልተገኘም።

ውድ አንባቢ፣ በመሥሪያ ቤትዎ ውል የሚያረቁ ወይም የሚመረምሩ ከሆነ ይህ ታሪክ የሚነግርዎ ነገር አለ። ኬይንስ ያረፉት በኤፕሪል ወር 1946፣ ብድሩ ገና በአሜሪካ ምክር ቤት ሳይጸድቅ ነበር። ውሉ በተፈረመበት ዓመት የተወለደ ሕፃን ዕዳው ሲያልቅ 61 ዓመት ሆኖት ነበር። ፈራሚዎች ያልፋሉ፤ የጻፉት ቃል ግን ልጆቻቸውን ያስራል። ኢትዮጵያም በ2021 የዕዳዋ አከፋፈል እንዲሻሻል ለአበዳሪዎቿ መንግሥታት ባመለከተች ጊዜ የተነሣው ጥያቄ በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ የሚከፈለው ስንት ነው ብቻ ሳይሆን፣ መቼና በምን አቅም ይከፈላል የሚለው ነው።

እንግዲህ በመጀመሪያ ለጠየቅነው መልሱ ይህ ነው። የመንግሥት ዋሱ የገዛ ስሙ ነው፤ ነገ ሌላ ብድር ሲፈልግ የሚታይለት ይኸው ነውና። ስሙንም ጠብቆ ለማቆየት የሚችለው፣ ክፉ ቀን እንደሚመጣ አስቀድሞ ያሰበ ውልና ክፉው ቀን ሲመጣ እንደ ገና ለመነጋገር የማይታክቱ ሰዎች ሲኖሩት ነው።